አምስት ዙር

«እማ፣ አሶሳና ኮምቦልቻ በአየር ቀጥ ብሎ ሲለካ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም» አለችኝ ልጄ ሰሚራ፣ ስልኳን ዓይኔ ሥር እያስጠጋች። «ቀጥታ የሚሄድ ቢኖር አንድ ሰዓት ምናምን ነበር። አሁን አዲስ አበባ ወርደሽ ትቀይሪያለሽ። ያም ቢሆን ምሳሽን እዚያ ነው የምትበይው።» ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይገባ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ውጭ፣ ከባጃጅ በወረድንበት ቆመናል። ልጄ ልታደፋፍረኝ ብላ ነው እንጂ ክፋት የላትም። ለሷ ርቀት ማለት ስልክ ተጠይቆ የሚመልሰው ነገር ነው። «እሺ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ይህ አንድ ሰዓት ምናምን የሚሉት ነገር ቤቴን እንዳፈረሰው ከየት ጀምሬ ልንገራት?

የምሄደው እናቴ ታማ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሙሄ ከትናንት በስቲያ ደውሎ «ዘሀራ፣ ከመጣሽ አሁን ነይ፤ አንደበቷ ሳይዘጋ» አለኝ። በመኪና እንዳልሄድ መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። የማንጎና የሽንኩርት ንግዴን ለጎረቤት ጥዬ፣ ለቤቴ ቆርቆሮ ያስቀመጥኩትን ብር ለትኬት ሰጥቼ ወጣሁ። ለእናቴ የምነግራት አንድ ነገር አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አፌ ውስጥ ይዤው አርጅቻለሁ። ሳልነግራት ከሞተች የኔ ነገር አለቀ፣ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም።

ፍተሻው ጋ ያለችው ልጅ አንገቴ ላይ ያለውን ሙስበሃ አውልቄ ሳህኑ ላይ እንዳስቀምጥ አዘዘችኝ። የአባቴ ነው፤ ከወይራ እንጨት የተጠረበ፣ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ያለው መቁጠሪያ። አንዷ ፍሬ ብቻ ከሌሎቹ አትመሳሰልም። «ይቺ ምንድን ናት?» አለች ልጅቷ በጣቷ እየነካች። «የዛፍ ዘር ናት» አልኳት። መቁጠሪያዬን ይዤ የመቆያው ክፍል ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ አውሮፕላኑ አረፈና በተከፈተው በር የነዳጁ ሽታ ገባ። ያን ሽታ በልጅነቴ ከተሳፈርኩበት ቀን ወዲህ አሽትቼው አላውቅም ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ሰው «እናቴ፣ የመጀመሪያዎ ነው?» አለኝ። «ሁለተኛዬ ነው ልጄ» አልኩት፤ አላመነኝም።

አባቴ ሰይድ ነጋዴ ነበር። ነጋዴ ስላችሁ ሱቅ ያለው አይምሰላችሁ፤ አንዲት አህያና ሁለት እግር ያለው ነጋዴ። ወገቡ ላይ ሽርጥ፣ ትከሻው ላይ ጋቢ፣ እግሩ ላይ ከመኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ አድርጎ ሰኞ ሰኞ በርበሬ ጭኖ ባቲ ገበያ ይወርዳል፤ ጨው ጭኖ ይመለሳል። ያኔ ባቲ ባቲ ነበር። ስሙኒ የያዘች ልጅ ጠግባ ትመለሳለች፤ ብስኩቱ አለ፣ ሸንኮራው አለ፣ በቀይ ወረቀት የተጠቀለለው ከረሜላ አለ። አንድ ጊዜ አባቴ ቢጫ አበባ ያለበት ጨርቅ በሁለት ብር ከሃምሳ ገዝቶ ቀሚስ አሰፋልኝ። ሰፊው አጥር ሥር ማሽኑን ተክሎ፣ እኔ ራቁቴን በአባቴ ጋቢ ተጠቅልዬ አጠገቡ ቆሜ እዚያው ሰፍቶ አለበሰኝ። አሁን ሰሚራ ልብስ የምትገዛው በስልክ ፎቶ አይታ ነው፤ ሲመጣ ይጠባታል፣ ለእህቷ ትሰጠዋለች።

የአባቴን አመል ልንገራችሁ፣ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ነውና። አባቴ መንገድን በሙስበሃ ይለካ ነበር። እየተራመደ በነቢዩ ላይ ሰለዋት ያወርዳል፣ በአንዱ ሰለዋት አንድ ፍሬ ያልፋል፤ ዙሩ ሲሞላ ከቀኝ ኪሱ አንድ ፍሬ በቆሎ አውጥቶ ወደ ግራ ኪሱ ያዛውራል። ቀዬ ሲደርስ የግራ ኪሱን ይቆጥራል። አያቴ ቤት ስምንት ዙር ነው። ወፍጮ ቤት ሁለት ተኩል። ባቲ ሠላሳ። የአገሩ ሰው ሙሽራ ሊያመጣ ሲነሳ፣ ለቅሶ ሊደርስ ሲነሳ «ሰይድ፣ እዚያ ስንት ዙር ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ እሱ የነገረው አይስትም። የመጀመሪያ ልጁ እኔ ነኝ፣ ከኔ በኋላ ብዙ ዓመት ሌላ አልመጣም፤ እናም ይህን ሙያ ለኔ አስተማረኝ። ከአህያዋ ኋላ ኋላ እየሄድኩ እኔ እቆጥራለሁ፣ እሱ በልቡ ይቆጥራል፣ ስንደርስ እንተያያለን። አንድም ቀን አልተለያየንም። «የዘሀራ ቁጥር አይዋሽም» ይል ነበር በሰው ፊት፤ እኔም በኩራት አንገቴ ይሰግግ ነበር። ምነው ባላስተማረኝ።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ዝናቡ ቀረ፣ ደግሞ ቀረ፣ አህያዋ ሞተች፣ በርበሬ የሚገዛም የሚሸጥም ጠፋ። ኮምቦልቻ አጠገብ መጠለያ ገባን፤ አባቴ፣ እናቴ ሐዋ፣ እኔና በእናቴ ጀርባ ያለው ጨቅላው ሙሄ። ስለዚያ መጠለያ ብዙ አላወራም፤ የሚያወሩ ሌሎች አሉ። አንድ ጠዋት እናቴ ሙሄ ትኩሳት ይዞት ሐኪም ወዳለበት ድንኳን ወሰደችው። ሰልፉ ረጅም ነው። እሷ እንደሄደች ለሰፈራ የሚወሰዱትን ስም የሚጠራው ሰው መጣና የኛን ስም ጠራ። አባቴ «ባለቤቴ ድንኳን ናት፣ ትጠራልኝ» ቢል «አንተ ውጣ፣ እሷ በሚቀጥለው ትከተላለች» አሉት። ሁለት ጊዜ ለመነ። ሦስተኛውን ሳይለምን ተገፍተን መኪና ላይ ነን። ያቺን ቢጫ አበባ ያላትን ቀሚስ ነበር የለበስኩት፤ አጥራኛለች፣ ጉልበቴን አትሸፍንም።

መኪናው ያደረሰን አውሮፕላን ሆዱ እንደ ጎተራ ነው፤ ወንበር የለው፣ መስኮት የለው። ሰው ወለሉ ላይ ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ድምፁ ጆሮ ይበጥሳል፤ የነዳጁ ሽታ ከሰው ትውኪያ ጋር ተቀላቅሏል። አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ ሙስበሃውን ከአንገቱ አውልቆ በእጄ አስያዘኝ። ጆሮዬ ውስጥ አፉን ከቶ «እኔ ልቤ አልረጋልኝም። አንቺ ቁጠሪ። እናትሽን ተመልሼ የማመጣበትን መንገድ ማወቅ አለብኝ» አለኝ። አምስት ፍሬ በቆሎም ሰጠኝ፣ ኪሱ ውስጥ የቀረው ያ ነው። ቆጠርኩ። አንድ ዙር ሞላ፣ አንድ ፍሬ ወደ ግራ እጄ። ሁለት። ሦስት። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አራት። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ላዬ ላይ አስመለሱ፣ እኔም አስመለስኩ። አምስተኛው ሞላና አምስተኛዋን ፍሬ ወደ ግራ እጄ አሳለፍኩ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ። እንዴት እንደወሰደኝ አላውቅም፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ፣ ለሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። የነቃሁት ጎማው መሬት ሲመታ ነው።

በሩ ተከፈተ፣ ሙቀቱ ፊታችንን ገረፈው። አባቴ ወደኔ ጎንበስ ብሎ «ስንት ሆነ?» አለኝ። እፍኜን ከፈትኩ፣ አምስት ፍሬ አለ። «አምስት» አልኩት። ተኝቼ ነበር ማለት አፈርኩ። በሰው ፊት የኮራብኝን አባት፣ በዚያ ቀን፣ በዚያ ፊቱ፣ ተኝቼ ነበር ልበለው? ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ይላሉ። እሱ ፈገግ አለ፤ ከመጠለያው ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አልሐምዱሊላህ፣ ቅርብ ነን» አለ።

አሶሳ ያኔ እንዲህ እንዳሁኑ አስፋልትና ባጃጅ አልነበረባትም። አውሮፕላኑ ያረፈው ሣር ላይ ነው፤ ፍየል አባረው ነው ያሳረፉት። አፈሩ ቀይ፣ ሣሩ ሰው የሚውጥ፣ ቀርከሃው ማለቂያ የለው። ያሰፈሩን መንደር ስም የለውም፣ በቁጥር ነው የሚጠራው። የቀርከሃ ጎጆ ሠራን። አባቴ በየቀኑ ሰማይ ሰማይ ያያል። አንድ አውሮፕላን መጣ፣ ሮጦ ሄደ፣ የለችም። ሌላ መጣ፣ የለችም። ስም የያዙትን ሰዎች ሲጠይቅ «ትመጣለች» ይሉታል። አንድ ቀን አውሮፕላኑ መምጣት አቆመ።

ያኔ አባቴ ማስላት ጀመረ። ሞኝ አይምሰላችሁ፤ አውሮፕላን ከሰው እግር እንደሚፈጥን ያውቃል። የቸገረው በስንት እጥፍ እንደሚፈጥን ነው። የመንደሩን ወንዶች ሰብስቦ ጠየቀ። አንዱ አምስት እጥፍ አለ፣ አንዱ ከመኪና ትንሽ ይሻላል አለ፣ አንድ ሽማግሌ «ንስር ያህል ነው» አሉ። ከመካከላቸው ወደ ውጭ እያየ የተጓዘ የለም፤ መስኮት አልነበረማ። አባቴ «ይብዛ፣ አሥር እጥፍ ይሁን» ብሎ ቆረጠ። አምስት ዙር በአሥር፣ ሃምሳ ዙር። ባቲ ሠላሳ ነው። ሁለት ባቲ አይሞላም። «በሁለት ቀን እደርሳለሁ። መልሱን ከእናትሽና ከሙሄ ጋር ቀስ ስንል አራት ቀን» አለኝ። ከታደለን ስንዴ ላይ የሦስት ቀን ቆሎ ቆልቼ በጨርቅ ቋጠርኩለት። እኔ ነኝ የቆላሁት፣ በነዚህ እጆቼ።

ከመንደራችን አጠገብ ማሳ ያላቸው ሸህ ኸሊፋ የሚባሉ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ረጅም፣ ነጭ ጀለቢያ የማይለያቸው፣ ማሽላቸውን ጦጣ እንዳይበላባቸው እየተቆጡ የሚውሉ። አማርኛ በገበያ ነው የለመዱት፤ ለሴቱም ለወንዱም፣ ለላሙም ለበሬውም አንድ ነው አነጋገራቸው። አባቴ እንደሚነሳ ሰምተው መጡ።

«አንተ ሰይድ» አሉት። «እኔ ኩርሙክ በእግር ሄዷል። ሆሞሻ ሄዷል፣ ቶንጎ ሄዷል። ወሎ እኔ አያውቅም። አባቴም አያውቅም። እኛ የማያውቀው አገር እሱ ሩቅ ነው፣ ወላሂ።»

አባቴ እጃቸውን ሳመ። «ሸህ ኸሊፋ፣ እርስዎ በደግነት ነው። እኔ ግን መንገደኛ ነኝ፣ መንገድ አያታልለኝም። ልጄ ቆጥራለች።»

ሽማግሌው ወደኔ ዞረው አተኩረው አዩኝ። «አንተ ቆጠርክ?» አሉኝ።

መሬት መሬት አየሁ። «አዎ» ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ያቺ ሁለተኛዋ ዕድሌ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጤዛው ሳይረግፍ ተነሳ። ሙስበሃውን ከአንገቱ አውጥቶ በኔ አንገት አጠለቀው። «አትወስደውም ወይ አባዬ?» ብለው «ምን ያደርግልኛል? መንገዱን ነግረሽኛል» አለኝ። ከዚያ ጋቢውን አጣፍቶ በባምባሲ በኩል ወደ ፀሐይ መውጫ ሄደ። የበረባሶው ዱካ ቀዩ አፈር ላይ ታተመ፤ ሰው እንዳይረግጠው ዙሪያውን በቀርከሃ አጠርኩት። በስድስተኛው ቀን ገንፎ አገነፋሁ። በሰባተኛውም። በአሥረኛው ቀን ዝናብ መጣና ዱካውን አጠበው።

ወደ አገራቸው ብለው በእግራቸው የወጡት ብዙ ናቸው፣ አባቴ ብቻ አይደለም። ሁሉም ያ የአውሮፕላን ሰዓት ነው ያታለላቸው። የቀሩት ሴቶች ማሽላ ሲፈጩ የሚሏት ነበረች፤ ማን እንዳወጣት አላውቅም፣ ከወፍጮ ወደ ወፍጮ ትዞራለች፦

መምጫችን በሰማይ፣ መሄጃው በምድር፣
እንዴት ይለካል ወይ ይኼ ሁሉ አገር።

እኔ ስትዘፈን ተነስቼ እወጣ ነበር። ልጅ ስለሆነች ሆዷ ባባ ይሉኛል።

አባቴ ከሄደ ሁለት ወር ሲሆነው ሸህ ኸሊፋ ከባምባሲ ገበያ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ይዘው መጡ። በየገበያው ሲያጠይቁልኝ ነበር ለካ። ነጋዴው መንዲ ገበያ ላይ አንድ የወሎ ሰው አይቷል። እግሩ ቆስሏል፣ በጨርቅ አስሮታል፣ ስንቁ ካለቀ ቆይቷል። ያገኘውን ሰው ሁሉ «ኮምቦልቻ ስንት ቀረኝ?» ይላል። ሰዉ «እሱ ደግሞ የት ነው?» ሲለው «ቅርብ ነው። ልጄ ቆጥራልኛለች። ሚስቴ እየጠበቀችኝ ነው» ይላል። አንዲት ሴት ቂጣ ሰጥታው በልቶ፣ እዚያ ገበያ ዳር አድሮ፣ ሲነጋ ሄዷል። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ነጋዴው ይህን ብሎ ሄደ። ሸህ ኸሊፋ እኔን አልጠየቁኝም። ገብቷቸው እንደነበር ግን አውቃለሁ።

እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ። ከልጆቻቸው ጋር አንድ ገበታ አቀረቡኝ፣ የባሚያ ወጥና የማሽላ ገንፎ እየበላሁ አደግኩ፣ በርታኛም ቻልኩ። የሙስበሃው ክር ተበጥሶ አንዲት ፍሬ የጠፋችብኝ ቀን ሳለቅስ አይተውኝ ጫካ ገብተው የዛፍ ዘር አመጡና በወስፌ በሱልኝ። «እሱም ይቆጥራል» አሉኝ። ከዚያ ኋላ የመጣው ዘመን ደስ የሚልም ነበረው፣ መዋሸት አልችልም። ማንጎ አሥሩ በስሙኒ ነው፣ እሱንም የሚገዛ የለም፣ ይበሰብሳል። ከሱዳን ሽቶ ይመጣል፣ ቶብ የሚሉት ባለ ብዙ ቀለም የሴት መጎናጸፊያ ይመጣል። መስጊዱ ማዶ ካለችው ጥግ ሻይ ቤት ሬዲዮኑ ሙሉ ቀን በዐረብኛ ይዘፍናል፤ እኛ ልጃገረዶች ትርጉሙን ሳናውቅ እናንጎራጉራለን። ባሌን ያየሁት እዚያች ጥግ ነው፣ አረንጓዴ ላስቲክ ጫማ አድርጎ። አሁን እዚያ ቦታ ፎቅ ተሠርቷል፣ ሥሩ ሞባይል ይሸጣሉ።

መንግሥት ተለውጦ መንገድ ሲላላ፣ ሰሚራ ሳትወለድ፣ በአውቶቡስ ወሎ ሄድኩ። እናቴ ሙሄን ይዛ በሕይወት እንዳለች ሰው ነግሮኝ ነበር። መስኮት ዳር ተቀመጥኩ፤ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ቀን አልተሰቃየሁም። ባምባሲ አለፈ። መንዲ ሳንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ያን ገበያ አየሁት፣ ሾፌሩ ለሻይ ቆመ፣ እኔ አልወረድኩም። ከዚያ ነጆ፣ ጊምቢ፣ ነቀምቴ። ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ወንዝ ይሻገራል፣ ሌላ ተራራ ይመጣል። አድረን ተነሳን፣ አሁንም ተራራ። አዲስ አበባ ደርሰን ሌላ መኪና፣ ሌላ አዳር፣ ሌላ ገደል። በየተራራው ሥር አንድ እግሩ የቆሰለ ሰው እየታየኝ «ይኼን ሁሉ ነው አምስት ያልኩት» እላለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ሰው ሞቶብኝ መስሏት አጽናናችኝ። በአራተኛው ቀን ኮምቦልቻ ገባሁ።

እናቴ አቅፋኝ አልቅሳ ስታበቃ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «አባትሽን ምን አሳሳተው?» የሚል ነው። «መንገድ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ወይ?» አለችኝ። «ተነሳ፣ አልተመለሰም» አልኳት። የመንዲውን ወሬ አልነገርኳትም። ብነግራት «ልጄ ቆጥራልኛለች» የሚለውን ቃል መንገር አለብኝ፤ ከመካከሉ እሱን ቆርጬ ሌላውን ብሰጣት የሚሆን አልመሰለኝም። ዋጥኩት። እሷም ሌላ ሳታገባ ኖረች። አሶሳ ያኔ በወለጋ ሥር ነበረችና ጎረቤቶቿ «ወለጋ ለም አገር ነው፣ ሴቱም ቆንጆ ነው፣ እዚያ አግብቶ ይሆናል» ይሏታል። በየሄድኩበት ጊዜ፣ ኋላም በስልክ፣ እንደ ቀልድ አድርጋ «የወለጋዋ ጣውንቴ እንዴት ናት? አልሰማሽም?» ትለኛለች። እኔም እስቅላታለሁ። ያን ሁሉ ዓመት፣ ባሏ ወደሷ እየመጣ እንደቀረ እያወቅኩ፣ ጥሎኝ ሄደ ብላ እንድታስብ ተውኳት። ራሴን ለማዳን ነው። ሌላ ስም የለውም።

አውሮፕላኑ ተነሳ። አሁን መስኮት አለው፤ ያጠገቤ ሰው «ይዩ፣ እናቴ» ብሎ ቦታውን ለቀቀልኝ። ሙስበሃዬን ያዝኩ። ነፍሴ ብትወጣ አልተኛም ብዬ ምዬ ነው የገባሁት። አስተናጋጇ ብስኩትና ውኃ ስታመጣ በራሴ ምልክት አሳለፍኳት፣ እንዳልስት። አዲስ አበባ አሥራ ሁለት ዙር ሆነ። ተቀይሬ ወደ ኮምቦልቻ፣ ሰባት ዙርና ትንሽ ፍሬ። ከታች ደመና ነው፣ አንዳንዴ ሲገለጥ መሬቱ የተጨማደደ ቆዳ ነው፣ ሰው አይታይም። ከዚህ ላይ ሆኖ ለካ ማንም አይለካውም። ሰሚራ እንዳለችው በምሳ ሰዓት ደረስኩ፤ ምሳ ግን አልበላሁም።

እናቴ አልጋው ላይ ትንሽ ሆናለች። ዓይኗ አይቶ ለየኝ። ሙሄን «ውሃ አምጣልኝ» ብዬ አስወጣሁትና እጇን ይዤ ነገርኳት። በቆሎውን፣ እንቅልፌን፣ አምስት ማለቴን፣ የሸህ ኸሊፋን ጥያቄ፣ ሃምሳ ዙር ብሎ ማስላቱን፣ የሦስት ቀን ቆሎውን። የመንዲውን ነጋዴ ቃል ሳልቆርጥ ሰጠኋት። «ቅርብ ነው፣ ልጄ ቆጥራልኛለች፣ ሚስቴ እየጠበቀችኝ ነው።» ስጨርስ እርግማኗን ጠበቅኩ።

ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተከለች። ከዚያ «ታዲያ ወደኔ ነበር የሚመጣው?» አለች።

«ወዳንቺ ነበር።»

«ሌላ አላገባማ።»

«አላገባም እማዬ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ስትመለስ ጉንጬን በመዳፏ ነካች። «የኔ ልጅ» አለችኝ፣ «ሰይድን አታውቂውም። መቶ ዙር ብትዪውም ይነሳ ነበር።»

እውነቷን ነው፤ ይነሳ ነበር። መቶ ብለው ግን ለመቶ ይሰንቅ ነበር። በረባሶ ይቀይር ነበር፣ ሙስበሃውን ይይዝ ነበር፣ ሸህ ኸሊፋን ይሰማ ነበር። ይህን ለእናቴ አላልኳትም። እሷ ያረፈች መስላኛለች፤ የኔን እኔው ልሸከመው።

እናቴ በአራተኛው ቀን ሞተች። ቀበርናት፣ ሰባቱን ተቀመጥኩ፣ የንግድ ሰው ነኝና ተነሳሁ። በመልሱ ጉዞ፣ አዲስ አበባ ላይ ከቀየርኩ በኋላ፣ መስኮት ዳር ደረሰኝ። ሙስበሃውን አወጣሁ፣ የዛፍ ዘሯ ላይ ሳልደርስ ዓይኔ ከበደኝ። ጎማው መሬት ሲመታ ነቃሁ። በሩ ተከፈተ፣ ሙቀቱ ገባ፣ ቀዩ አፈር ታየኝ።

ሰሚራ በሩ ጋ ትጠብቀኝ ነበር። ለቅሶ አለቀሰችልኝ፣ ሻንጣዬን ተቀበለችኝ። ባጃጁ ውስጥ ሆነን፣ እጄ ላይ ያለውን ሙስበሃ አይታ፣ መንገድ በሱ እንደምቆጥር ታውቃለችና ልታጫውተኝ ብላ «ስትመጪ ስንት ሆነልሽ ታዲያ እማ?» አለችኝ።

«ተኝቼ ነበር» አልኳት። «አልቆጠርኩም።»

«እሺ» አለች፣ ትከሻዬ ላይ ጋደም አለች፣ መንገዱን ማየት ቀጠለች። ይህን በማለቴ ማንም አልሞተም። ይኼን ያህል ቀላል ነበር።